የዳቦ መኪናዋ እንዴት ቤት እንደ ሆነች

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ አገር ልማት፣ ስለ ትምህርት ሥርዓትና ስለ ምሁር ግዴታ ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኛ አራታችን ግን ዛሬ ብዕር ያነሣነው ስለ አንዲት አሮጌ የዳቦ መኪና ነው። አንባቢ «ከዚህ ምን ቁም ነገር ይገኛል?» ብሎ ገጹን ከማለፉ በፊት ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። ነገሩ በሣቅ ተጀመረ እንጂ በሣቅ አልቀጠለምና።

አራታችን የአንድ መኝታ ክፍል ልጆች ነን። አንዱ ሜካኒካል ምሕንድስና፣ አንዱ ኬሚስትሪ፣ አንዱ ጂኦግራፊ፣ አንዱ ሕግ ያጠናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መሐንዲሱ፣ ኬሚስቱ፣ ጂኦግራፈሩና ጠበቃው እየተባልን እንጠራለን። ማናችንም ገና ዲግሪ ስላልያዝን ማዕረጉ በብድር የተወሰደ መሆኑ ይታወቅልን።

በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል የባሌን ተራሮች ለማየት ተመኘን። ጂኦግራፈሩ ስለ ሳነቴ አምባ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራልን ከርሟል፤ ፓርኩ በዚያው ዓመት መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህማ ዝም የሚያሰኘው ጠፋ። ሆኖም የሆቴል ገንዘብ የለንም፤ ድንኳንም የለንም፤ ነሐሴ ደግሞ ባሌ ላይ በሸራ ሥር የሚታደርበት ወር አይደለም። ታዲያ መሐንዲሱ አጎት አለው፤ አጎቱ ዳቦ ቤት አላቸው፤ ዳቦ ቤቱ መኪና አለው። ሐሳቡ የመጣልን በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

መኪናዋ ቶዮታ ሃይኤስ ናት። ነገር ግን በከተማችን ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ሰው የምታመላልሰዋ እኅቷ አይደለችም። ይህችኛዋ ከጋቢናው በስተኋላ አንድም መስኮት የላትም፤ ዙሪያዋን ላሜራ የሆነች ዕቃ መጫኛ ናት። ዳቦ ቤቱ ምድጃውን የሚያድስበት ወር ስለ ነበረ ጋሼ መኪናዋን ሊያውሱን ፈቀዱ። ሁለት ቃል ግን አስገቡን። አንደኛው ቀለሟ እንዳይጫር ነው። ሁለተኛውን ሲናገሩ ጣታቸውን አነሡ፦ «አንዲት ቀዳዳ እንዳትበሷት! ላሜራ አንዴ ከተበሳ ዝገት መግቢያ አገኘ ማለት ነው።» እኛም «እሺ ጋሼ፣ እንኳን ልንበሳት ጠበቅ አድርገንም አንነካት» ብለን ቁልፉን ተቀበልን።

ዕቃ መጫኛን መኝታ ቤት ማድረግ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ጀርመን አገር ቮልስዋገን ያቺን ሣጥን መሳይ መኪናውን በ1950 እ.ኤ.አ. መሥራት ሲጀምር፣ በዓመቱ ዌስትፋሊያ የተባለው ፋብሪካ አልጋና ቁም ሣጥን እየሠራ ከውስጧ ያስገባ ጀመር። በእኛ አገር ግን መኪና ውስጥ ማደርን ያስተማሩት ሽርሽር ወዳዶች ሳይሆኑ የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው። በአሰብ መንገድ ኤንትሬ ይነዱ የነበሩት ከወንበራቸው ጀርባ ባለች ጠባብ መኝታ ስንት ሌሊት አድረዋል! እኛ እንዲህ ያለውን ሰው ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አጭር በሆነ ነበር። የጠየቅነው ግን ስልካችንን ነው። ስልካችንም የእንጨት ግድግዳ፣ ምንጣፍና የአበባ ማስቀመጫ ያላቸውን የውጭ አገር መኪኖች አሳየን፤ ልባችንም በዚያው ሄደ።

መጀመሪያ ጠረግናት። ከወለሏ ስንጥቅ የወጣው የዳቦ ፍርፋሪ አንድ ፌስታል ሞላ፤ የግቢው ወፎች ሁለት ቀን በሉት። ቀጥለን ለካናት። ከወንበሩ ጀርባ እስከ ኋላው በር 2 ሜትር ከ60፣ ስፋቷ 1 ሜትር ከ50፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ30 ሆነ። ሦስት ሰው ጎን ለጎን ቢተኛ ለእያንዳንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። አራተኛውስ? ጉባኤ ተቀመጥን። ጠበቃው በማንኮራፋት ተከሰሰ፤ ራሱ ተከሳሽ፣ ራሱም ጠበቃ ሆኖ አንድ ሰዓት ያህል ተከራከረ፤ በመጨረሻም በሦስት ድምፅ በአንድ ተረትቶ ጋቢና እንዲያድር ተፈረደበት። ድምፁም እንዳይሰማን በጋቢናውና በመኝታው መካከል የኮምፔንሳቶ ግድግዳ አቆምን። ይህን ፍርድ አንባቢ ያስታውስልን።

አልጋውን በቱቦላሬ አሠራነው። የምናለሽ ተራን መንገድ ያወቅነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በፊት መርካቶ ለእኛ ልብስና ጫማ ብቻ ነበረች። እዚያ ሰው የጣለው ብረት ሁሉ ሌላ ስም ይዞ ሲነሣ አየን። የአልጋው እግር ወለሉ ላይ እንዳይበየድ ቃል አለብንና፣ ፋብሪካው ዕቃ ማሰሪያ ብሎ ከተዋቸው ቀለበቶች ጋር በብሎን እንዲያያዝ አደረግን። ከፍታውን 40 ሳንቲ ሜትር አደረግነው፤ ከሥሩ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ፣ የምግብ ሣጥንና ባትሪ ገባ። ውኃው ብቻ 60 ኪሎ ነው። መሐንዲሱ «ከባድ ዕቃ ዝቅ ብሎ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል መቀመጥ አለበት» እያለ ጀሪካኖቹን ሦስት ጊዜ አስነሥቶ አስቀመጠን። በኋላ የአርሲን ዳገትና ቁልቁለት ስንወርድ ልክ እንደ ነበረ ተረድተናል። በፖርቶ መጋላው ላይ የጫንነው ትርፍ ጎማውንና የጠበቃውን ሻንጣ ብቻ ነው።

ባትሪውን ከሶማሌ ተራ ገዛን። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሚል ተጽፎበታል፤ ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት ይሆናል። እንዲህ ያለው ባትሪ ከግማሹ በታች ከወረደ ቶሎ ስለሚሞት 600 ብቻ ቆጠርን። ባለ 5 ዋት ሦስት አምፖል በየምሽቱ አራት ሰዓት ቢበራ 60 ይበላል፤ ስለዚህ አሥር ምሽት አለን ማለት ነው። ሒሳቡ አማረን። ፊውዙን ግን ከባትሪው አጠገብ በማድረግ ፈንታ ከአምፖሉ አጠገብ አድርገነው ኖሮ፣ አንዱ ሽቦ ሲነካካ በመንገዱ ሁሉ እየጨሰ ነደደ። አንድ ትራስ አጣን፤ ፊውዙም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከሁሉ ይልቅ የኮራንበት ግድግዳው ነው። ላሜራ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ጣሪያውንና ግድግዳውን በሙሉ ስፖንጅ በኮላ ለጥፈን በላዩ ኮምፔንሳቶ አለበስነው። የበሩን ጠርዝ ሁሉ በጎማ ደፈንን። መሐንዲሱ ከውስጥ ቆሞ በሩን አዘጋንና «ብርሃን አይታየኝም!» ብሎ ሲጮኽ አጨበጨብንለት።

አልጋውን የበየዱልን ሽማግሌ ሥራቸውን ጨርሰው አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡና ዙሪያውን አዩ። «ልጆች፣ መተንፈሻዋ የት አለ?» አሉ።

«አባባ፣ እንዳንበሳ ቃል አስገብተውናል።»

«ጎጆ ቤት እንኳ ጭሱ በሣር ክዳኑ መካከል እየሰረገ ይወጣል። ላሜራ ግን አያሳልፍም። በጣሪያው ላይ አንዲት ቀዳዳ ልክፈትላችሁ፤ ቆብ አደርግላታለሁ፣ ዝናብ አይገባም።»

መሐንዲሱ ስለ ሙቀት መተላለፍ ያስረዳቸው ጀመር። ኮንዳክሽን አለ፤ ኮንቬክሽን አለ፤ ቀዳዳ ካለ ሙቀቱ ሁሉ በእርሷ ይወጣል አላቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙትና «እሱስ ይወጣል» ብለው ወደ ብየዳቸው ተመለሱ። እኛ በታክሲ ስንመለስ «መተንፈሻዋ የት አለ» እያልን ስንሣሣቅ መጣን።

ከመነሣታችን በፊት በነበረው ቅዳሜ መኪናዋ ለጓደኞቻችን ታየች። መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ የሚታጠፈው ጠረጴዛ ሁሉ ተደነቀ። ከሴቶች ዶርም የመጣች አንዲት ጓደኛችን «ከዶርማችሁስ ይሻላል፤ ግን ከዶርማችሁ የማይሻል ምን አለ?» ብላ ሄደች።

በነሐሴ አጋማሽ በአዳማና በአሰላ አድርገን ወጣን። የመጀመሪያዋን ሌሊት ከአሰላ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ነዳጅ ማደያ ግቢ አደርን። ጠዋት ስንነቃ ጣሪያው ያንጠባጥባል፤ ብርድ ልብሱ ርሷል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለ ነበር መሐንዲሱ «ዝናብ አስገብታለች» ብሎ ፈረደ። በቆጂ ስንደርስ ሲሊኮን ገዝተን የቀረውን ስንጥቅ ሁሉ ደፈንን። አሁን ስናስበው ያፍረናል። ያ ውኃ ከደመና የመጣ አልነበረም፤ የራሳችን ትንፋሽ ነው። ተኝቶ የሚያድር ሰው በትንፋሹና በላቡ በአንድ ሌሊት ሩብ ሊትር ያህል ውኃ ያወጣል፤ ሦስት ሰው ሲሆን ጀበና የሚሞላ ማለት ነው፤ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ላይ ሄዶ ይጤዛል። ጤዛ እንዴት እንደሚፈጠር በአንደኛ ዓመት ተፈትኖ ያለፈው ጂኦግራፈራችን በዚያ ጠዋት ሲሊኮኑን ይዞልን ቆሞ ነበር።

ዲንሾ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ገባን። ስለ አገሩ ውበት ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር፤ ግን የዛሬው ነገራችን አይደለም። ወደ ማታ ላይ በጥዱ ሥር ቆመው ያዩን የደጋ አጋዘኖች፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው በፈረስ የሚያልፉት ሰዎች፣ በመንገዱ ላይ እንደ ነጭ ጤፍ የተበተነው በረዶ እስከ ዛሬ ዓይናችን ላይ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ ከአዲስ አበባ ክረምት የመጣ ሰው እንኳ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። የኋላው በር ወደ ላይ ሲከፈት እንደ ጥላ ይሆናልና፣ ኬሚስቱ ከሥሩ በከሰል ማንደጃ ሽሮ ሠራልን። ውኃ እዚያ ከፍታ ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚፈላ ሽሮው ቶሎ አልበሰለም፤ ከሰሉ ላይ ከሰል ተጨመረ። በልተን ስንጨርስ ማንደጃው ቀይ ፍም ሞልቶት ቀረ።

«ይኼን ያህል እሳት ለጅብ እንተወው?» አለ ኬሚስቱ። «ጭሱ አልቋል፤ ፍም ብቻ ነው።»

ማናችንም አልተቃወምንም። ይህን በግልጽ መጻፍ ስላለብን እንጽፈዋለን፦ ጉባኤ ሳንቀመጥ፣ ድምፅ ሳንሰጥ፣ አራታችንም እሺ አልን። ማንደጃው በትሪ ላይ ሆኖ ከአልጋው እግር በኩል ገባ፤ ጠበቃው በሩን ከውጭ ዘጋልንና ወደ ግዞት ቦታው ወደ ጋቢና ሄደ። ከውስጥ ያለነው እንደዚያ ሌሊት ያለ ሙቀት በዶርማችን አግኝተን አናውቅም። አንዱ «አባባ መጥተው ይህን ቢያዩ» አለ፤ ሣቅን። ከዚያ በኋላ ያለውን አናስታውስም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጠበቃው ብርድም ሽንትም ቀሰቀሰው። ወጥቶ ሲመለስ እኛ ሞቆን እርሱ መብረዱ አናደደውና በጡጫው ላሜራውን እየደበደበ «ተከሳሹ ይግባኝ ይላል!» ብሎ ጮኸ። እንደ ልማዳችን ሦስት ዓይነት ስድብ መመለስ ነበረበት። አንድም አልመጣም። ሁለተኛ ደበደበ። ዝም። በኋላ እንደ ነገረን፣ ልቡን ያስደነገጠው ከየትኛውም ጩኸት ይልቅ ያ ዝምታ ነው። ቁልፉ እርሱ ዘንድ ነበርና የኋላውን በር ከፈተው።

መሐንዲሱና ጂኦግራፈሩ ብርዱ ሲመታቸው ነቁ፤ ራሳቸው ለሁለት የተሰነጠቀ መሰላቸው፤ ጉልበታቸው እንደ ጥጥ ሆኖ በእንብርክካቸው ወጥተው ሣሩ ላይ አስታወኩ። ኬሚስቱ አልነቃም። ስሙን ጠሩት፣ በጥፊ መቱት፣ ውኃ ደፉበት፤ ይተነፍሳል እንጂ አይመልስም። ጠበቃው መኪና መንዳት አያውቅም፤ መሐንዲሱ መቆም አልቻለም።

ከእኛ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ድንች የጫነ አይሱዙ ቆሞ አድሮ ነበር። ጠበቃው በባዶ እግሩ ሮጦ በሩን ደበደበ። ሾፌሩ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ወረዱ፤ አንድ ጊዜ ወደ መኪናችን ውስጥ አብርተው ማንደጃውን ሲያዩ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ኬሚስቱን እንደ ሕፃን አቅፈው ጋቢናቸው ላይ አስተኙት፤ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፍተው ወደ ጤና ጣቢያው ነዱ። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ወዲያው ኦክስጅን አደረገችለት። ጎሕ ሲቀድ ዓይኑን ገለጠ። «ማሰሮው ታጥቧል?» አለ። እኛም በአንድ ጊዜ አለቀስንም ሣቅንም።

ሾፌሩ እስከዚያች ሰዓት አልሄዱም ነበር። ገንዘብ ብንሰጣቸው አልተቀበሉም። «እኔ ሃያ ዓመት መኪና ውስጥ አድሬአለሁ» አሉን። «ከሰል አስገብቼ አላውቅም። ቢበርደኝም መስኮቱን ጣት ያህል ከፍቼ ነው የምተኛ። እናንተ የተማራችሁ ልጆች አይደላችሁም እንዴ?» የመጨረሻውን ሲናገሩ የቁጣ ድምፅ አልነበራቸውም፤ በእውነት ማወቅ ፈልገው የጠየቁ ይመስሉ ነበር።

ከሁላችን ይልቅ ይህ ጥያቄ የከበደው ኬሚስቱ ላይ ነው። ከሰል በቂ አየር ሲያጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደሚወጣው፣ ጋዙ ቀለምም ሽታም እንደሌለው፣ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ እንደሚያያዝ በሁለተኛ ዓመት ፈተና ላይ ጽፎ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። የፈተና ወረቀቱን እስከ ዛሬ አስቀምጦታል። «ጭሱ አልቋል» ያለው ያው ሰው ነው። ጭሱ ካለቀ በኋላ የሚቀረው የባሰው መሆኑን ወረቀቱ ላይ ያውቀዋል፤ በማንደጃው ፊት ሲቆም ግን ያወቀው እናቱ ቤት የለመደውን ሙቀት ነው። (የእናቱ ነገር ከተነሣ፣ ይህ መጽሔት በምንም መንገድ እጃቸው እንዳይገባ አንባቢን አደራ እንላለን።)

ሳነቴን ሳናይ ተመለስን። በመንገድ ላይ ስምምነት አደረግን፦ ለማንም አይነገርም። ለጋሼ መኪናዋ ያለ ጭረት፣ ያለ ቀዳዳ ትመለሳለች፤ ቃላችን ተጠበቀ። ጠበቃው ስምምነቱን በቃል ደንቦ አስማማን።

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ጋሼ ውስጧን አይተው ደስ አላቸው። አልጋውን በእጃቸው ጫን ጫን እያደረጉ ሞከሩት። «አታፍርሱት» አሉ። «ይኼ ልጅ ሌሊት ዳቦው እስኪወጣ ወለሉ ላይ ነው የሚተኛው። አሁን እንደ ሰው ይተኛል።» ልጁ ዳቦ የሚያከፋፍለው ነው፤ ዕድሜው ከእኛ ሁለት ሦስት ዓመት ቢያንስ ነው። ከጎናቸው ቆሞ ፈገግ አለ። በእጁ ከምድጃው የተጫረ ፍም ያለበት ቆርቆሮ ይዞ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እጁን የሚያሞቅበት ነው።

እርስ በርሳችን አልተያየንም። ጠበቃው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ምን ሊል እንደ ነበር አይታወቅም። የተናገረው ኬሚስቱ ነው። ከሽማግሌው ምክር ጀምሮ እስከ ነርሷ ድረስ፣ የሣቅነውን ሣቅ እንኳ ሳያስቀር ነገራቸው። ዱሮ መኪናዋ በየስንጥቋ ስለምትተነፍስ ልጁ እንደ ተረፈ፣ እኛ ግን በሲሊኮንና በስፖንጅ ሬሣ ሣጥን አድርገን እንደ መለስናት በዚሁ ቃል ተናገረ።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ለልጁ «ጣለው ያንን» አሉት፤ ፍሙን ደፋው። ወደ መሐንዲሱ ዞረው «ሽማግሌው የት ነው የሚሠራው?» አሉ።

በማግሥቱ ራሳቸው ነድተው ምናለሽ ተራ ሄድን። ሽማግሌው አወቁን፤ ግን ምንም አላሉም። ሃያ በሃያ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከጣሪያው ላይ በኋላ በኩል ቆረጡ፤ ከላሜራ ቆብ ሠርተው ከፍ አድርገው አቆሙባት። ሁለተኛ፣ ከወለሉ አጠገብ ከበሩ ጎን አነስ ያለች ሌላ ቀዳዳ ከፍተው ወንፊት አደረጉባት፤ ሞቃቱ አየር በላይ ሲወጣ ንጹሑ በታች የሚገባበት ያስፈልጋል። የተቆረጠውን ጠርዝ ሁሉ በፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። ላሜራው ሲቆረጥ ጋሼ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ዋጋውን እኛ ከፈልን፤ የጠበቃው ሻንጣ የተሸጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ኬሚስቱ ደግሞ ቀዳዳው ለትንፋሽ እንጂ ለከሰል እንዳልሆነ ለልጁ ሁለት ጊዜ አስረድቶ፣ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም «ፍም ማስገባት ክልክል ነው» ብሎ ጻፈ። ጠበቃው ቅጣቱ ስላልተጠቀሰ አንቀጹ ጎደሎ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ልጁ አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሞ ወደ ጣሪያው እያየ «ዝናብ አይገባም?» አለ። ሽማግሌው ከውጭ ሆነው «አይገባም» አሉት።

ጋሼ በሩን ሊዘጉ ሲሉ ከአልጋው ሥር አንድ ነገር አዩና ጎንበስ ብለው አወጡት። ማንደጃችን ነው። አመዱ ገና አልተደፋም ነበር። በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ለኬሚስቱ ሰጡትና መኪናቸውን አስነሡ።